ሰላምታ የዘጋው መስቀለኛ መንገድ

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በጋው በጠናበት ወቅት ነው። ልጄን ለመጠየቅ ከቢቸና ተነሥቼ ሞጣ ሄድሁ። ልጄን በዓይኔ እያየኋት ከአውቶቡሱ ሳልወርድ አንድ ሰዓት ቆየሁ።

እሷ ከመስቀለኛው መንገድ ማዶ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። እኔም በመስኮት አወዛውዛለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሁለታችንም ደከመንና እጃችንን አወረድን። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ እንዳያወርደኝ፣ ጤፍ የተጫኑ አህዮች በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ከአህዮቹ ፊት የጭነት መኪና፣ ከመኪናው ፊት በግ ነጂ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ በበቅሎ የተቀመጡ አንድ ቄስና በበቅሎ የተቀመጡ አንድ ሼህ አሉ። መንገዱን የዘጉት እነሱ ናቸው።

«ይለፉ፣ ሼሁ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ አባ።»

«በሞቴ ይለፉ! ባለፈው ገበያም የቀደምሁ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ልማድ ሆኗል፤ ዛሬም ይቅደሙ።»

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አባቶቼ! ለአንዳችሁ ገነት፣ ለአንዳችሁ ጀነት ተዘጋጅቶላችኋል። በሩ ላይ ስትደርሱ ትለማመናላችሁ፤ እስከዚያው እኔ ልለፍ!»

ቄሱ ዞር ብለው አዩት። አልተቆጡም። «አንተ ነህ እንዴ ልጄ? እናትህ እንደምን ናት?» አሉት።

የሹፌሩ እናት ወገቧን ያማት ነበር። በየትኛው በኩል እንደሚያማት፣ ምን ጸበል እንደጠጣች፣ የትኛው ወጌሻ እንዳሻት ሲነገር አውቶቡሱ ሙሉ ሰማ። ሼሁም «አላህ ይማራት» አሉ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ልጄ በአዲስ አበባ ሁለት ዓመት የመንገድ ሥራ ቴክኒክ ተምራ፣ በዚያ ዓመት ኅዳር ሞጣ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራለች። ከእኛ ሰፈር ሴት ልጅ መሬት ልትለካ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳያይ ነው ያረፈ። የተሰጣት ሥራ ይህ መስቀለኛ መንገድ ነበር። የቢቸናው መንገድ፣ ከከተማው ሽቅብ የሚወጣው፣ ወደ ገበያው የሚወርደውና በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በኩል የሚመጣው፣ አራቱም እዚያ ይገናኛሉ። ገበያ ቀን ከጧት ጀምሮ ይቆለፋል። ያኔ አህያውም፣ ሰውም፣ መኪናውም እኩል ነው። አብዮቱ ያመጣው እኩልነት በትክክል የታየው እዚያ ላይ ነው።

ልጄ መካከሉ ላይ ድንጋይ በክብ አስደርድራ ኖራ ቀባችው። በውስጡ ሣር አስተከለች። ሕዝቡ «ክቡ» ይለዋል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁሉም ክቡን በቀኙ በኩል ይዞራል፣ ክቡን በመዞር ላይ ያለው ይቀድማል፣ አዲስ የሚገባው ይጠብቃል። በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ። ያምራል። በወረቀቱ ላይ ሰው አልነበረበትም።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ሳልስማት፣ «እማዬ፣ ይፈርሳል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ክቡ። እኔም።»

ነገሩን ቤት ገብተን ነገረችኝ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከመጀመሪያውም ክቡን አልወደደውም። እዚያ ቦታ ላይ መዶሻ የጨበጠ ትልቅ ክንድ በሲሚንቶ ሊያቆም አስቦ ነበር። ክንዱ የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። «ልጂቱ፣ ድንጋይ ደርድረሽ ሕዝብ አታስተዳድሪም» ብሏታል። ከሁለት ገበያ በኋላ ከክፍለ ሀገሩ ከደብረ ማርቆስ አንድ ባለሥልጣን ይመጣል። ያን ቀን መንገዱ ከተዘጋ ክቡ ይፈርሳል፤ እሷም ቆላ ወርዳ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ትሆናለች። ደብዳቤው ተጽፎ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ቀን መሙላት ነው።

ወንድሜ በወጣትነቱ ለሥራ ቆላ ወርዶ በወባ ቀርቷል። የተቀበረበትን አላውቀውም። ይህን ለልጄ ማስታወስ አላስፈለገኝም። «እሺ» አልሁና ሻሼን ፈትቼ ተቀመጥሁ። ወደ ቢቸና እንደማልመለስ ያኔ ወሰንሁ።

ልጄ የተከራየችው ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ጓሮ ነው። ሰውየው ሐጅ አድርገው የመጡ፣ ሱቃቸው ክቡ አፍንጫ ላይ ያለ፣ ከሚሸጡት ጨርቅ ይልቅ የሚያውቁት ወሬ የሚበዛ ሰው ናቸው። ለእኔ በረንዳቸው ላይ መቀመጫ ዱካ አወጡልኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ። ከዚህ የማይታይ ነገር የለም። ሞጣ ውስጥ የተፋታ ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚያልፍ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ከማለዳ ጀምሬ እዚያው ተቀመጥሁ። ልጄ ከመንገዱ ማዶ ደብተሯን ይዛ ቆመች። ይህን ያህል መኪና፣ ይህን ያህል አህያ፣ ይህን ያህል እግረኛ እያለች ጭረት ትጭራለች። «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ተመልከቺ» ብላኛለች። ዝም ማለት አይከብደኝም።

ሰዓት የለኝም። ጊዜ የምለካው እናቴ ወጥ ስትሠራ ትለካ በነበረበት መንገድ፣ በጸሎት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ በቆሙ ቁጥር አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመርሁ። «ደኅና ነህ ወይ?» አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይፈጃል። «ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ?» ሲጨመር ሦስት። ሐዘን ካለ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ተብሎ፣ ሟቹ እንዴት እንደሞተ ተጠይቆ፣ ጸሎተ ሃይማኖት አልቆ እንደገና ይጀመራል። ሁለት ሰዎች ክቡ ላይ ቆመው ልጅ ሊዳዳሩ ሲጀምሩ መቁጠሬን ተውሁ።

የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ። አንድ ሽማግሌ «ማነው የሚጮኽብኝ?» ብለው ዞሩ። የክርስትና አባቱ ናቸው። ፖሊሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ጉልበት ስሞ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ፊሽካው አልተሰማም።

እንግዲህ ይህን የማያውቅ አገር ሰው ቢኖር ልንገረው። በእኛ አገር የምታውቀውን ሰው ሰላም ሳትለው ካለፍህ ተጣልታችኋል ማለት ነው። ፀሐይ ሳትገባ ሽማግሌ ይላክብሃል። ቸኩዬ ነው ብለህ ብታስረዳ፣ «የቸኮለው ለምንድን ነው? ምን ሰምቶብኝ ነው?» ይባላል። ስለዚህ ማንም ሰው ክቡን ዞሮ ማለፍ አይችልም። የልጄ ሕግ «አንተ ቅደም» ያለው ሰው ሁሉ፣ የሚጠብቀውን ሲያይ ቆሞ «ኧረ አንተ» ይላል። ክቡ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ቀድሞ ሰው የሚያየው ከፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነበር፤ አሁን አራቱንም ወገን ሰላም ማለት ግድ ሆነ።

ከቀትር በኋላ ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ አቧራ ነው።

«መኪናው በዛ፣ እማዬ። መንገዱ መስፋት አለበት። ለማስፋት ደግሞ ሱቅ መፍረስ አለበት።»

ሐጂው ከውስጥ ጨርቅ እየለኩ «የማን ሱቅ?» አሉ።

«ስንት መኪና ቆጠርሽ?» አልኋት።

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ መኪና አገር አይዘጋም። የዘጋው ሰላምታ ነው።»

«ሰላምታን ምን አደርገዋለሁ? በአዋጅ ልከልክለው?»

«እሱም አይቀርም ነበር፣ እስካሁን ረስተውት ነው» አሉ ሐጂው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ግራ ቀኝ አዩ።

ያን ሳምንት ጊዮርጊስን ስለልጄ ተማጸንሁት። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ነው መልሱ የመጣልኝ። በቅዳሴ መካከል ስለ መኪና ማሰብ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለነፍስ አባቴ ነግሬ ተሰግዶበታል።

ቆራቢዎቹ ሲወጡ እያየሁ ነበር። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ በሩ ጠባብ ነው፣ ግፊያ ግን የለም። ቀርበው ይቀበላሉ፣ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ በሌላ በኩል ዞረው ይወጣሉ። የሚመጣውና የሚሄደው ፊት ለፊት አይገናኝም። የሚያዩት የፊተኛውን ጀርባ ነው። ጀርባን ሰላም ያላለ ሰው ደግሞ አልተጣላም።

ቤት ስንገባ ለልጄ ነገርኋት። እንጀራዋን ይዛ ቀረች።

«ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ» አለች። «ተምረነዋል፣ እማዬ። ግን ለመኪና ነው የተማርነው።»

«አህያም እግር አላት።»

ተነሥታ ሳትበላ ወጣች። ከሐጂው ሱቅ በስተላይ አንድ ቀጭን መንገድ ወደ ገበያው ይገባል፤ በስተታች፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ደግሞ ሌላ ይወጣል። እስከዚያ ቀን ሁሉም ሰው በሁለቱም ይገባል፣ በሁለቱም ይወጣል። ልጄ በእርምጃ ለካቻቸው። ወደ ገበያ የሚገባው ሁሉ በላይኛው፣ የሚወጣው ሁሉ በታችኛው እንዲሆን ወሰነች። በየመግቢያው በኖራ ቀስት አስቀባች። ክቡ ለመኪናና ከወዲህ ወዲያ ለሚሻገረው ብቻ ቀረ።

ሹሙ ሰምቶ አልተቃወመም። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ካልሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ነው። «በቀበሌ ጥሩምባ ይነገርልሻል» አላት። ሦስት ቀን ጧት ጧት ተነፋ።

በሦስተኛው ቀን ሐጂው ጠሩኝ። «እትዬ፣ እስቲ ልጠይቅዎት። የቀበሌ ጥሩምባ የሰማ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይደበቃል» አልሁ።

«እንግዲህ።»

እውነታቸውን ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ወይ ስብሰባ ነው፣ ወይ መዋጮ ነው፣ ወይ ዘመቻ ነው። ነፊው ገና አፉን ሲያስጠጋ በሩ ሁሉ ይዘጋል። አዋጁን የሰማ ሰው ቢኖር ነፊው ራሱ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ቆሞ ስለ አህያ መግቢያ ሦስት ቀን ሰበከ።

ልጄ ይህን ስትሰማ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ገበያው በነጋታው ነው። አላለቀሰችም። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር።

ሐጂው ግን ጨርቅ ሊገዙ ለመጡ ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ሹክ አሉ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርሁ፤ ሰምቻለሁ። «ነገ በላይኛው መንገድ ተመልሶ የሚወጣ ሰው ለስብሰባ ይያዛል አሉ። በታችኛው የወጣ ግን ማንም አይነካውም» ነው ያሏቸው።

«ሐጂ፣ ሦስት ሰው ምን ይሆናል?» አልኋቸው።

«ሦስተኛዋ ጠላ ሻጭ ናት።»

«ውሸት እኮ ነው።»

«እኔ ‹አሉ› ነው ያልሁት። ያሉት እነሱ ናቸው።»

እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ለልጄም አልነገርኋት። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ራሴን ማሳመን ያን ቀን ቀሎኝ ነበር።

በገበያው ቀን እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አህያው በላይኛው ይገባል፣ በታችኛው ይወጣል። ሰው ጨው አራግፎ፣ ጤፍ ሸጦ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሹልክ ይላል። የቆመ የለም። ቄሱና ሼሁ እንኳ መጡ፤ ሼሁ ከፊት፣ ቄሱ ከኋላ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ። ጀርባ እየተያዩ እስከ ገበያው ድረስ እያወጉ ሄዱ። የጭነት መኪና መጣና ክቡን ዞሮ አለፈ። ሹፌሩ የሆነ ነገር የረሳ ይመስል ዞር ብሎ አየ።

ልጄ ከማዶ ቆማ ታያለች። ደብተሯን ከደረቷ አስጠግታ ይዛዋለች፤ አልጻፈችበትም።

ስምንት ሰዓት ላይ የባለሥልጣኑ ላንድሮቨር መጣ። ሹሙ ሮጦ በሩን ከፈተ። ባለሥልጣኑ ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ዓይን ነው። ክቡ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። የሚዘጋውን ነው የሚጠብቀው። አልተዘጋም።

«ተዘግቷል ብላችሁ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«በእኛ ያልተቆጠበ አመራር፣ ጓድ፣ ችግሩ ከሥሩ ተነቅሏል» አለ ሹሙ። ልጄን አላያትም።

ባለሥልጣኑ ደስ አለው። ደስታው ነው ጉድ ያመጣው። «ይህ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባዋል» አለና የድምፅ ማጉያ ከመኪናው አስመጣ። ክቡ ላይ ወጣ፣ ሣሩ ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ የሞጣ ከተማና የአካባቢው ሕዝብ! ለአጭር ስብሰባ...»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። የሚሰማው አልነበረምና። ‹ስብሰባ› የምትለው ቃል ከማጉያው ስትወጣ ገበያው ተነቀለ። ሴትዮዋ በርበሬዋን በነጠላዋ ጠቀለለች። አህያዎቹ ሳይጫኑ ተነዱ፤ የተጫኑት ደግሞ ሮጡ። ሁሉም በታችኛው መንገድ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል። አንድም ሰው ቀስቱን አልሳተም፣ አንድም ሰው አንዱን አልገፋም፣ አንድም ሰው ‹ይለፉ› አላለም። ሐጂው ሱቃቸውን ዘጉ። አቧራው ሲረጋ ክቡ ላይ የቀሩት ባለሥልጣኑና ባለቤቷ የረሳት አንዲት አህያ ናቸው። አህያዋ የልጄን ሣር ትበላለች።

የሹሙ ፊት አመድ መሰለ። ልጄ ከማዶ ተንቀሳቀሰችና መንገዱን ተሻግራ መጣች። የምትሻገረው ሰው ስላልነበረ ቶሎ ደረሰች።

ባለሥልጣኑ ማጉያውን ዝቅ አደረገ። «ሕዝቡ የት ሄደ?»

ልጄ ሰዓቷን አየችና፣ «አልፏል፣ ጓድ» አለች።

«በስንት ደቂቃ?»

«በስድስት።»

«ከዚህ በፊትስ?»

«እስከ ማታ አያልፍም ነበር።»

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ዙሪያውን ሲያይ በረንዳው ላይ የተቀመጥሁትን እኔን አየ። ሌላ ሰው ስላልነበረ መጣ።

«እማማ፣ እርስዎ ለምን አልሮጡም?»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«እውነቱን ይንገሩኝ። ለምን ሸሹኝ?»

ሹሙ ከኋላው ሆኖ እጁን ያወናጭፍልኛል። ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ደብዳቤው ላይ የሚሞላው ቀን ዛሬ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ልናገረው ካሰብሁት ባነሰ ቃል ሰው ይታሰር ነበር። የሐጂውን ነገር አላወጣም፤ ስለ ስብሰባው ግን መዋሸት አልቻልሁም። አማተብሁ።

«ስብሰባ ፈርተው ነው፣ ጓድ። እርስዎን አይደለም። እርስዎንማ አያውቁዎትም።»

አህያዋ ሣር ስትነጭ ይሰማል። ሰውየው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«እኔስ» አለ በዝግታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከጧት ጀምሮ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ማታ ደግሞ አንድ አለኝ።»

«እግዚአብሔር ያበርታዎት» አልሁት። ከልቤ ነው።

ተነሣና ቆቡን አደረገ። ድምፁ ተመልሶ የባለሥልጣን ድምፅ ሆነ። «ቀስቶቹን ማን አሰመረ?»

«እኔ» አለች ልጄ።

«ድንጋዩ ይቆይ። ልጂቱም ትቆይ» አለ ለሹሙ።

«ጓድ፣ ሐውልቱስ? ክንዱ?»

ባለሥልጣኑ ባዶውን መንገድ አየ። «ማን ቆሞ ያየዋል?» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሹፌሩ በላይኛው መንገድ ሊወጣ ሲያዞር፣ ልጄ እጇን ዘርግታ ወደ ታችኛው አመለከተችው። በታችኛው ሄደ።

ኋላ እንደሰማነው በሪፖርቱ ላይ «በሰፊው ሕዝብ ንቁ ተሳትፎ» ተብሎ ተጽፏል። ይጻፍ። የልጄ ስም አልነበረበትም፤ በዚያ ዘመን ስምህ ያልተጻፈበት ወረቀት ጥሩ ወረቀት ነበር። ሹሙም ከዚያ ወዲያ ‹ልጂቱ› ብሎ አልጠራትም፤ ምን ብሎ እንደሚጠራት ስላልወሰነ ሲያያት ያስላል። ሐጂው ለስብሰባ የሚያዝ ሰው እንደሌለ ለሦስት ሰው ነገሩ። ያንን ግን ማንም አላመነም፤ እኔም ለሁለቱም አመሰግናለሁ፣ ለታመነውም ላልታመነውም።

ያን ዕለት ልጄ ራት ሳትበላ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። ጫማዋን አወለቅሁላትና ሰባት ጊዜ ሰገድሁ፤ ከዚያ በላይ ጉልበቴ እንቢ አለ።

በማግስቱ ጧት ፀሐይ ወጥታ እሷ አልነቃችም። ቆላ የምትወርድ መስሏት ከሳምንት በፊት በገመድ ያሰረችው ሻንጣ አልጋው ሥር ነበር። ድምፅ ሳላሰማ ጎትቼ አወጣሁት። ገመዱን በጥርሴ ፈታሁ። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አራግፌ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሰቀልሁ፣ መጻሕፍቷን መስኮቱ ላይ ደረደርሁ፣ ገመዱንም ልብስ ማስጫ እንዲሆን ጓሮ ወስጄ ከዛፍ ዛፍ አሰርሁት።